የሚንተባተብ ሞተርና የቡሌ ዳገት

ከዲላ ከተማ ተነሥቶ ወደ ቡሌ የሚወጣ መንገደኛ፣ የቡናውንና የእንሰቱን ጥላ፣ የዋንዛውንና የብርብራውን ዐፀድ እያለፈ፣ በአንዲት ማለዳ ውስጥ ከወይና ደጋው ሙቀት ወደ ደጋው ብርድና ጉም ሲሻገር፣ ቡናው እየሳሳ ቀርቶ ገብሱና ቀርከሃው ሲተካ፣ የአየሩ መለወጥ አስቀድሞ በገላው፣ ቀጥሎም በትንፋሹ ይታወቀዋል። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን የቡሌ ደጋ ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል፤ ስለዚህ በእግሩ የሚወጣው ሰው ዐረፍ እያለ ልቡን ሲያሳርፍ፣ በመኪና የሚወጣው ደግሞ ከገዛ ትንፋሹ ይልቅ የሞተሩን ትንፋሽ ሊያዳምጥ ግድ ይሆንበታል። ቤንዚንን ከአየር ጋራ አዋሕዶ በብልጭታ የሚያነድድ ማናቸውም አሮጌ ሞተር በዚህ ዳገት ላይ ምሥጢሩን ይገልጣል፤ ጤነኛው ጤንነቱን ያስመሰክራል፣ ሕመምተኛው ሕመሙን ሳይወድ ይናዘዛል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ዳገት ላይ የገጠመን ነገር ነው። አንድ ወዳጄ፣ ከአባቱ የወረሳትን ባለ ሁለት በር አሮጌ ፊያት፣ በወጣትነቷ ዘመን የስፖርት መኪና ትባል የነበረችውን፣ እንደ ዐይኑ ብሌን እየጠበቀ ያኖራታል፤ በቡሌ የዘመድ ሠርግ ነበረበትና ከአዲስ አበባ እኔን አስከትሎ በእርሷ ወረደ። በሜዳው መንገድ ላይ ነገሯ ሁሉ የሠመረ ነበር። ነገር ግን ከዲላ ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር፣ ወዳጄ ነዳጅ መስጫውን ፈጠን አድርጎ በተጫነው ቍጥር፣ መኪናዋ ለዐይን ቅጽበት ያህል ድምፅዋን ታጠፋና አንድ ጊዜ አስላ፣ እንደ ተገፋ ሰው ወደ ፊት ትንገዳገድና እንደ ገና ትስባለች፤ ከፍ ባልን መጠንም ሳሉ ተደጋገመ፣ ከኋላዋ የሚወጣውም ጢስ ጠቈረ። ከአዲስ አበባ ከመነሣታችን በፊት ስለዚሁ ደዌ ወደ አንድ ጋራዥ ገብታ፣ ብዙ ገንዘብ ተከፍሎባት፣ ድናለች ተብላ የወጣች ነበረችና ወዳጄ እጅግ ዐዘነ። እስከ ደጋው ድረስ የወጣነውን ዳገት መልሰን ወርደን፣ በዲላ አንድ አረጋዊ መካኒክ ደጃፍ ቆምን። እርሳቸው ያደረጉትን ከመናገሬ በፊት ግን ያ ሙያ በአገራችን ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ደረሰ ማውሳት ይገባኛል፤ የአንድ ሰው ብልሃት ያለ ዘመኑ ታሪክ አይነገርምና።

ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው አውቶሞቢል የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን ያመጣውም ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክም ራሳቸው ተቀምጠውበት እንደ ሄዱ ተጽፏል። ቈይቶም በዚያው ዓመት ከጀርመን አገር ሁለተኛው ተከተለው። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ነገሮችን በአንድ ዓመት ውስጥ አጣምሮ ያስቀምጣልና፣ በዚያው በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሌላም ነገር አድርገዋል፤ በእጁ ሥራ የሚያድረውን ሰው፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ጠይብና ፋቂ እያሉ መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል። እኔ ይህን መገጣጠም እንዲሁ አላልፈውም። መኪናው ሲገባ አብሮት የሚገባው ሰው ማን መሆኑን ዐዋጁ አስቀድሞ እንዳየ ሆኖ ይታየኛል፤ ብረት የሚያግል፣ ቅባት የሚነካ፣ እጁ የጠቈረ ሰው ባይከበር ኖሮ ያ ሠረገላ ከቤተ መንግሥት ግቢ ባልወጣ ነበር። ዐዋጁ ንቀቱን በአንድ ቀን አልሻረውም፤ ብዙ ወላጆች ልጃቸው ጸሐፊ እንጂ ብረት ነኪ እንዳይሆን ሲማጸኑ ኖረዋል። ሆኖም ከዚያ ንቀት ሥር፣ ከቀጥቃጩ ወናፍ አጠገብ፣ አዲስ ዐይነት ባለሙያ በቀለ።

የጣልያን ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቈየበት ዘመን ለአገራችን የመከራ ዘመን መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ወራሪው ጦሩን ለማመላለስ መንገድ ሲጠርግና ሕዝቡ ትሬንታ ኳትሮ ብሎ የጠራቸውን ከባድ ካሚዮኖች ሲያስገባ፣ ሳያስበው አንድ ትምህርት ቤት ተክሎ ሄደ። ከነጻነት በኋላ በአገር የቀሩት ጣልያኖች በየከተማው ጋራዥ ከፍተው ሲሠሩ፣ በሥራቸው ቍልፍ አቀባይና ዘይት ቀጂ የነበሩት ወጣቶች ቋንቋውን ከነሥራው ቀሰሙት። ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ሳልባትዮ፣ ፍሬቻ፣ ኮፈን፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ሁሉ የዚያ ዘመን ርስት ናቸው። ብልጭታ የሚሰጠው ብልት ስም፣ ካንዴላ፣ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ በሞተሩ ጨለማ ክፍል ውስጥ በየሲሊንደሩ አንዳንድ ሻማ ቆሞ እንደሚያበራ ያህል ተሰይሟል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላስተዋለው አንድ ነገር አለ። የመኪናው ብልቶች ስም ጣልያንኛ ሲሆን የደዌው ስም ሁሉ ግን አማርኛ ነው። ሞተሩ ተነሣ እንላለን፣ እንደ ሰው፤ ያስላል፣ ታፈነ፣ ቤንዚን ይጠጣል፣ ዘይት ይበላል፣ ይቈራረጣል፣ አልስብ አለ፣ ሞተ እንላለን። ባዕዱ ብልቱን ሰይሞ ሰጠን፤ ሕመሙን ግን ያዳመጥነውም የሰየምነውም እኛ ነን፤ የበቅሎንና የአጋሰስን አካሄድ ከኋላ ሆኖ እየሰማ የትኛዋ እግር እንዳነከሰች በሚያውቅ የሲራራ ነጋዴ ጆሮ የሰማነውን፣ በዚያው ነጋዴ ልሳን ተናገርነው።

በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ሲቋቋም ሙያው የመጽሐፍ ወግ ማዕርግ አገኘ፤ ስሙም ከግእዝ ተወስዶ የእጅ ሥራ የሚለውን ቃል ከስድብ አውጥቶ በበር ላይ በክብር አሰፈረው። ይሁን እንጂ ከዚያ የወጡት ለሰፊው አገር አይበቁም ነበርና፣ በዲላና በመሰሏ ከተሞች ሙያው የተላለፈው እንደ ዜማ ትምህርት ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲመሠረትና የዓለም ባንክም ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ሲያበድር፣ የደቡቡ መንገድ ቡናን ወደ መካከለኛው አገር የሚያደርስ ትልቅ ጅማት ሆነ። በዚያ ዘመን አጠራር በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የነበረው የጌዴኦ ምድር፣ ከወናጎና ከይርጋ ጨፌ በተነሣ ቡናው ካሚዮን ሲስብ፣ ካሚዮኑ ሾፌርን፣ ሾፌሩ ረዳትን፣ ረዳቱም ዕለት ዕለት የሚሰበረውን መጠገን አስከተለ። ፊያት ኤንትሬ የተባለው ካሚዮን በዚያ መንገድ ላይ የነገሠበትን ዘመን የሚያስታውሱ አዛውንቶች ዛሬም አሉ፤ ያ ካሚዮን ናፍታ በይ ስለ ነበረ ግን ካንዴላ አያውቅም፣ አወዳደቁም አነሣሡም ሌላ ነው። የቤንዚን ሞተርን ምሥጢር ለመካኒኮቻችን ያስተማሩት ትናንሾቹ ናቸው፤ ሚሌ ቼንቶ፣ ሴይቼንቶ፣ ላንድሮቨርና ከሁሉም በላይ ቮልስ። ቮልስ በአገራችን ታሪክ ውስጥ የያዘችው ስፍራ ልዩ ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት ሮልስ ሮይስ ከቆመበት ግቢ በቮልስ ተቀምጠው እንደ ነበር የማያውቅ የለም።

እንግዲህ ወደ ደዌው እንመለስ። አሮጌ ሞተር ነዳጅ ሲሰጡት ለምን ይንተባተባል? ሊቃውንት አበው መጻሕፍትን ሲተረጕሙ አንዱን ቃል በአንድ ፍች ብቻ አይዘጉትም፤ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው እያሉ ፍችውን አስፍተው፣ ከዚያ በኋላ ከንባቡ ጋራ የሚስማማውን ይመርጣሉ። ጥሩ መካኒክም የሚያደርገው ይህንኑ አንድምታ ነው፤ አንዲቱ ሳል ብዙ ፍች አላትና።

ከሁሉ አስቀድሞ ካርቡራቶር ማለት ምን እንደ ሆነ እንረዳ። አየር በጠባብ ጕሮሮ ውስጥ በፍጥነት ሲያልፍ ግፊቱ ይቀንሳል፣ የቀነሰውም ግፊት ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳ ስቦ እንደ ጤዛ ይበትነዋል። ይህን በመርጨት የሚሠራ ዕቃ በ1893 እ.ኤ.አ. ቪልሄልም ማይባህ የተባለ ጀርመናዊ ሠራው፤ በ1923 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤዶአርዶ ቬበር በቦሎኛ ከተማ የከፈተው ድርጅት ጥበቡን አሻሻለውና ብዙዎቹ የጣልያን ስፖርት መኪናዎች የእርሱን ስም በሞተራቸው ራስ ላይ ተሸክመው ዓለምን ዞሩ። ሞተሩ በደንብ እንዲነድድ ለአንድ እጅ ቤንዚን በክብደት 15 እጅ ያህል አየር ያስፈልገዋል፤ ቤንዚኑ ከበዛ ታፍኖ ጢስ ያጠቍራል፣ አየሩ ከበዛ ቀጥኖ ያስላል። ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን በድንገት ሲጫን የጕሮሮው መዝጊያ ይከፈታል፤ አየር ቀላል ነውና ወዲያው ይገባል፣ ቤንዚን ከባድ ነውና ወደ ኋላ ይቀራል። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ አየር ብቻ የጐረሰ ያህል ይሆናል። ይህን የሚያውቁ ሠሪዎች በካርቡራቶሩ ጐን አንዲት ትንሽ ፖምፓ አበጁለት፤ እግር ሲጫን እርሷም አብራ ተጭና ጥቂት ቤንዚን በጕሮሮው ውስጥ ትረጫለች፣ የዘገየውም ጅረት እስኪደርስ ሞተሩን ታጽናናዋለች። የዚህች ፖምፓ ስስ ላስቲክ ሲደርቅ ወይም ሲቀደድ፣ ወይም የምትረጭበት ቀዳዳ በጕድፍ ሲደፈን፣ ልክ የወዳጄ መኪና ያሳየችው ሳል ይመጣል።

ነገር ግን አንድም ብልጭታው ነው። የኤሌክትሪክ መጠምጠሚያው ቦቢና የሰበሰበውን ኃይል በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለችው ፑንቲና እየከፈተችና እየዘጋች ትሰድደዋለች፤ የሁለቱ ነጥቦች መራራቅ በብዙዎቹ መኪናዎች የአንድ ሚሊ ሜትር አራት ዐሥረኛ ያህል ነው፣ መለኪያ በሌለበት ስፍራም መካኒኮቻችን በካርቶን ቍራጭ ሲለኩት ኖረዋል። ነጥቡ ሲቃጠልና ሲቈሽሽ ብልጭታው ይደክማል፤ የደከመ ብልጭታ ደግሞ በቀስታ ሲሄዱ አይታወቅም፣ ሸክም ሲመጣበት ግን ይከዳል። ከዲስትሪቢዩተሩ ጋራ በቀጭን ቱቦ የተያያዘች አንዲት ሽፋን አለች፤ የሞተሩን ስበት እየተከተለች የብልጭታውን ሰዓት ታስቀድማለች፣ ተቀድዳ ከሆነ ብልጭታው ይዘገይና መኪናዋ ደንዝዛ ትንቀሳቀሳለች። አንድም ያልተፈለገ አየር ነው፤ ከካርቡራቶሩ በታች ያለው ጓርኒሲዮን የተባለ ማሸጊያ ተሰንጥቆ አየር በስውር ሲገባ፣ ሞተሩ እግር ሳይጫነው በሚሠራበት በሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ለማወቅም በተጠረጠረው ስፍራ ጥቂት ቤንዚን ማንጠብጠብ የጥንት ዘዴ ነው፤ ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳው ተገኘ፤ ይህ ዘዴ ግን በጋለ ሞተር ላይ እሳት ያስነሣልና የሚያደርገው ሰው ይጠንቀቅ። አንድም ሙቀት ነው፤ የቤንዚን ፖምፓው ከሞተሩ አጠገብ ሲግል ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ሳለ ወደ ተን ይለወጣል፣ ተንን ደግሞ ፖምፓ አይገፋውም። ሾፌሮቻችን እርጥብ ጨርቅ በፖምፓው ላይ አልብሰው የሚጠብቁት ከዚህ የተነሣ ነው፤ በአውሮፓም በአፍሪካም ያሉ የካርቡራቶር ዘመን ሾፌሮች የሚያውቁት ሥርዓት ነው።

በእነዚህ ሁሉ ላይ የቡሌ ዳገት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይጨምራል። በባሕር ጠረፍ ያለውን የአየር ግፊት መቶ እጅ ብንለው፣ በዲላ ከፍታ 84 ያህል፣ በቡሌ ደጋ ደግሞ 70 ያህል ብቻ ይቀራል። በአውሮፓ የተሠራ ካርቡራቶር የሚለካው ለዝቅተኛ ምድር ነው፤ ከፍ ሲል አየሩ ይሳሳል፣ የቤንዚኑ ቀዳዳ ግን አይጠብም፣ ስለዚህ ድብልቁ ሳይነኩት ይወፍራል፤ አየሩም በመሳሳቱ እሳቱ ቀስ ብሎ ይነድዳል። በአየሩ መሳሳት የተነሣም ያለ መንፊያ የሚተነፍስ ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከኃይሉ ከመቶ ዐሥር ያህል ያጣል። ውሃውም ቢሆን በዚያ ከፍታ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል እንጂ መቶን አይጠብቅም፤ ራዲያተሩ ሲንተከተክ ሞተሩ ግሏል ብሎ የሚደነግጥ እንግዳ ይህን ማወቅ ይገባዋል። የአዲስ አበባ መካኒኮችም 2400 ሜትር ላይ ሲሠሩ ይህን ሕግ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከካንዴላ ቀለም ተማሩት። የካንዴላ ጫፍ እንደ ጥላሸት ከጠቈረ ቤንዚኑ በዝቷል፤ እንደ አመድ ከነጣ አየሩ በዝቷል፤ እንደ ተቈላ ቡና ከቀላ ግን ሞተሩ በሰላም ውሎአል።

የስፖርት መኪናን ከሌላው የሚለየው ደግሞ ትዕግሥት ማጣቱ ነው። ለፍጥነት የተሠራ ሞተር የካርቡራቶሩ ጕሮሮ ሰፊ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ጕሮሮ አለው፤ አየር ማስገቢያና ጢስ ማስወጫ ቫልቮቹ ከሌላው ረዘም ላለ ጊዜ በአንድነት ተከፍተው ይቈያሉ፣ ይህም በከፍተኛ ዙር ኃይል ሲሰጥ በዝቅተኛ ዙር ትንፋሹን ያዛባል። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ሃይላንድ ራሊ እየተባለ በአገራችን ደጋዎች ላይ የመኪና እሽቅድድም ይደረግ በነበረ ጊዜ፣ ተወዳዳሪውን የሚፈትነው ጭቃውና ገደሉ ብቻ አልነበረም፤ ማለዳ ቈላ፣ ከሰዓት በኋላ ደጋ ላይ የሚውለውን ካርቡራቶር ለየትኛው አየር እንደሚያስተካክለው መወሰንም አንዱ ፈተና ነበር።

ዲላ በቆምንበት ደጃፍ ያገኘናቸው አረጋዊ በወጣትነታቸው በቡና ካሚዮን ላይ ረዳት ሆነው የጀመሩ የጌዴኦ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ጥያቄ ጀመሩ፤ ደዌው ሲበርዳት ነው ወይስ ስትግል? በቀስታ ስትጫናት ነው ወይስ በድንገት? ሜዳ ላይ ነበረ ወይስ ዳገት ላይ ብቻ? ማን ነክቷታል? ወዳጄም ጋሼ እያለ በትሕትና መለሰ። በዚህ መካከል የጎረቤት ጋራዥ ሰዎች መጥተው መኪናዋን ከበቧት፤ አንዱ ፑንቲና ነው አለ፣ አንዱ የቤንዚን ፊልትሮ ነው አለ፣ ሌላውም ካርቡራቶሩ ይለወጥ አለ፤ እርሳቸው ግን በጌዴኦ የሽማግሌዎች ሸንጎ፣ በሶንጎ ላይ የመጨረሻውን ቃል እንደሚጠብቅ ሽማግሌ የሁሉንም ሰምተው ዝም አሉ። እኔ በዚያ ዝምታ ውስጥ ያየሁት ትልቅ ትምህርት ነው፤ ዕቃ ከመለወጥ በፊት መጠየቅ፣ ከመፍታት በፊት መስማት፣ ከሁለት አንዱን እስኪያውቁ አንዱንም አለመንካት።

ከዚያም ካንዴላዎቹን አራቱንም አስወጥተው በጨርቅ ላይ በተርታ አኖሯቸው፤ አራቱም ጠቍረዋል። ደቀ መዝሙራቸው፣ «እንግዲያው ጋሼ፣ ቤንዚን በዝቶባታል» አለ። እርሳቸውም በቋንቋቸው በጌዴኡፋ አንድ ነገር ተናግረውት የአየር ማጣሪያውን አወጡና፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የካርቡራቶሩን መዝጊያ በጣታቸው እየገፉ በጕሮሮው ውስጥ እንድናይ ጠሩን። ሲገፉት በቀጭን ጅረት መረጨት የሚገባው ቤንዚን፣ እንደ ደከመ ምንጭ ሁለት ጠብታ ብቻ ጣለ። በዚያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። ደዌው ሁለት ነበር፣ ሁለቱም እርስ በርሳቸው የሚሸሸጉ። የመጀመሪያው የማፍጠኛዋ ፖምፓ ላስቲክ መድረቅ ሲሆን፣ ቀድሞ የነካት ሰው ያንን ሳያይ፣ ሳሉን ለመሸፈን ድብልቁን አወፈረው፤ በአዲስ አበባ ሜዳ ሳሉ ጥቂት ቀነሰና የዳነች መሰለች፤ የቡሌ ዳገት ግን የሳሳ አየር ሲጨምርበት ውፍረቱ ከልክ አለፈና ሸፍጡን ገለጠው። የሳል መድኃኒት በመስጠት የሳንባን ቍስል የሚሸፍን ሐኪም ያደረገው ይህንኑ ነው።

ላስቲኩን ከሞተ ካርቡራቶር አገኙት። የአሮጌ መኪና ጋራዥ ምንም ነገር አይጥልም፤ በቆርቆሮ ውስጥ የተከማቹት የተፈቱ ብልቶች፣ መለዋወጫ ዕቃ በውድ ዋጋና በብዙ ቀረጥ በሚገባበት አገር፣ የሙያው ጎተራ ናቸው። ካንዴላዎቹን በሽቦ ብሩሽ ጠርገው፣ የፑንቲናውን ነጥብ አስተካክለው፣ በአዲስ አበባ የወፈረውን ድብልቅ መልሰው አቀጠኑ። ሙሉ ሥራው ከሁለት ሰዓት አላለፈም፤ የጠየቁትም ዋጋ ወዳጄን አሳፈረው፣ ጨምሮ ቢሰጣቸውም የጨመረውን መልሰው ለደቀ መዝሙራቸው ሰጡት።

ይህ ጥበብ ዛሬ በሁለት ወገን እየተከበበ ነው። በ2001 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ከመቶ 5 እጅ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ ሲጀመር፣ የውጭ ምንዛሪን ለመቈጠብ መልካም ሐሳብ ነበር፤ አሮጌ መኪናዎች ግን ለዚያ ዐይነት ነዳጅ አልተሠሩምና፣ ኢታኖል የድሮውን ላስቲክ ማድረቁን፣ በነዳጅ ማከማቻው በሳልባትዮው ሥር ለዘመናት የዘቀጠውንም ጕድፍ ፈትቶ ወደ ካርቡራቶር ማምጣቱን በዕድሜ የገፉ መካኒኮች ሊያውቁት ግድ ሆነ። አዳዲሶቹ መኪናዎች ደግሞ ካርቡራቶር የላቸውም፤ ነዳጁን ኮምፒውተር እየለካ ይረጫል፣ የአየሩንም መሳሳት ራሱ እያወቀ ያስተካክላል፣ ለእርሱ ዲላና ቡሌ አንድ ናቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የጌዴኦ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ በሠፈረ ጊዜ እኔም እንደ ሌላው ኢትዮጵያዊ ደስ ብሎኛል፤ ለዛፍና ለእንሰት፣ ለሶንጎና ለድንጋይ ሐውልት መዝገብ ሲገኝ፣ በዚያው ምድር ላይ ላለ የጆሮ ጥበብ ግን እስካሁን አንድ ገጽ እንኳ አልተጻፈለትም። እኔ የቅባት ጥላሸት የነካው እጅ ከብራና ጸሐፊ እጅ ያንሳል ብዬ አላምንም፤ እነዚህ ሰዎች በሕይወት ሳሉ የሚያውቁትን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሊጽፍላቸው ይገባል።

ሥራው ካለቀ በኋላ አረጋዊው ዋጋቸውን ተቀብለው ከመሰናበት ፈንታ ነጠላቸውን አንሥተው ከኋላ ወንበር ገቡ፤ ዳገቱን ሳይሰሙ አላምንም አሉ። እስከ ቡሌ ድረስ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ራሳቸውን ወደ መስኮቱ አዘንብለው ያዳምጡ ነበር። ሁለት ጊዜ ብቻ ወዳጄን በድንገት ጫናት አሉት፤ ሁለቱንም ጊዜ መኪናዋ ሳትስል ሳበች። ቡሌ ስንደርስ ጉሙ ከቤቶቹ ክዳን ላይ ገና አልተነሣም ነበር፤ ሞተሩ እንደ ተነሣ ሚኒሞ ላይ ሳለ ኮፈኑን አስከፍተው ዲስትሪቢዩተሩን በሁለት ሦስት ዲግሪ ያህል አስቀደሙት፣ ከዚያም ካቻቢቴያቸውን በካርቡራቶሩ ትንሽ ብሎን ላይ አሳርፈው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ድምፁ እስኪጠራ ድረስ ሩብ ዙር ያህል ዘጉት። ካቻቢቴውን ለወዳጄ ሰጥተው እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ እዚህ እስካለህ እንዲሁ ተዋት። ወደ ዲላ ስትወርድ ግን ከቡናው ጥላ ስትገባ ቁምና ሩብ ዙር መልሰህ ክፈታት።»